“ኮጀንት”፣ “ሳውንድ”፣ “ቫሊድ” ወይስ “ኮንቪንሲንግ”? ለ“አሳማኝ” የትኛውን የእንግሊዝኛ ቃል እንምረጥ

በአማርኛ አንድ ሰው ነገሩን በምክንያትና በማስረጃ ደግፎ ሲያቀርብ “አሳማኝ ነው” እንላለን፤ በዚያው ያልቃል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን ያው አንድ ቃል ብዙ ቦታ ይከፈላል፦ ኮጀንት፣ ሳውንድ፣ ቫሊድ፣ ኮንቪንሲንግ፣ ፐርስዌሲቭ፣ ኮምፔሊንግ፣ ሎጂካል፣ ሪዝነብል። መዝገበ ቃላት ቢገለጥም የአብዛኞቹ ፍቺ ስለሚቀራረብ ጸሐፊው አፉ ላይ የቀለለውን ያነሳና ያልፋል።

መዘዙ በደብረ ማርቆስ፣ በባሕር ዳርና በእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ገና አንደኛ ዓመት ላይ ይመጣል። በሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ ፈተና “ሳውንድ” በሚገባበት “ኮጀንት” የጻፈ ተማሪ ነጥቡን ያጣል። ያው ተማሪ የክፍሉን ጥብቅ ፍቺ ይዞ የስኮላርሺፕ ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ በሌላ በኩል ይሳሳታል። ምክንያቱም “ኮጀንት” ሁለት ቤት ያለው ቃል ነው፤ በሎጂክ ክፍል ውስጥ አንድ፣ ከክፍል ውጭ ሌላ ፍቺ አለው።

ለቸኮለ ሰው፦ ምን እየመዘኑ እንደሆነ መጀመሪያ ይለዩ። ከመነሻው (ከቀረበው ምክንያት) ወደ መደምደሚያው የሚወስደውን መያያዣ ብቻ ከሆነ “ቫሊድ” ይበሉ። መያያዣውም መነሻውም የተጣራ ከሆነ “ሳውንድ” ነው። በማስረጃ ክብደት ወደ አንድ መደምደሚያ የሚገፋ ከሆነ “ኮጀንት” ነው። የሚናገሩት በሰሚው ልብ ላይ ስለሆነው ነገር ከሆነ “ኮንቪንሲንግ” ወይም “ፐርስዌሲቭ” ይሻላል።

“ኮጀንት” ራሱ

ሲጻፍ ሲ፣ ኦ፣ ጂ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ ነው፤ ስድስት ፊደል። “ኮገንት” አይባልም። “ጂ”ው “ኤጀንት” በሚለው ቃል ውስጥ እንዳለው “ጀ” ሆኖ ይነበባል፤ የመጀመሪያው ክፍል “ኮው” ተብሎ ትንሽ ይሳባል፣ ጫናውም እሱ ላይ ያርፋል። በድምፁ ተመርተው “ጂ”ን በ“ጄ” ፊደል የሚተኩ ብዙ ናቸው፤ ስሕተት ነው። የስም መልኩ “ኮጀንሲ” ሲሆን፣ “ቲ” ወጥታ “ሲ” እና “ዋይ” ይገባሉ። ተውሳከ ግሡ “ኮጀንትሊ” ነው።

ሥሩን ማወቅ እዚህ ላይ ከፍቺ ሽምደዳ ይበልጣል። ቃሉ የመጣው “ኮገሬ” ከሚል የላቲን ግሥ ነው። “ኮ” አንድነትን ያሳያል፣ “አገሬ” ደግሞ መንዳት ነው (የእኛ “አገሬ” አይደለም፤ በድምፅ ብቻ ገጠሙ)። አንድ ላይ ሲሆኑ ነድቶ መሰብሰብ፣ ከዚያም ማስገደድ ማለት ሆነ። አመሻሽ ላይ ከብት ወደ በረት የሚያስገባ እረኛ አንዱን በሬ ጎትቶ አይደለም የሚያስገባው፤ ከግራም ከቀኝም ከኋላም ሆኖ ይከላከልና የተከፈተው የበረቱ በር ብቻ ይቀራል። ኮጀንት የሆነ ክርክርም እንዲሁ ነው፤ ምክንያቶቹ ከየአቅጣጫው መጥተው ለሰሚው ሌላ መውጫ ያሳጡታል። “ኤጀንት”ም ከዚሁ ከ“አገሬ” የወጣ የሥጋ ዘመዱ ነው። “ኡርጀንት” ግን መጨረሻው ቢመስልም ግንዱ ሌላ ነው።

ስለዚህ ኮጀንት የሚባለው ክርክሩ፣ ምክንያቱ ወይም ማስረጃው ነው። ኃይሉ ያለው ነገሩ ውስጥ ነው። ሰሚው ግትር ሆኖ አላምንም ቢል እንኳ ክርክሩ ኮጀንት መሆኑን አይተውም። “አሳማኝ” የሚለው የአማርኛ ቃል ግን ከማመን ስለተወለደ ዓይኑ ሰሚው ላይ ነው። ከሁለቱ ቋንቋዎች መካከል የሚፈጠረው መምታታት ዋና ምንጭ ይህ ነው።

በሎጂክ ክፍል ውስጥ፦ አራቱን ቃላት መለየት

ክርክሮች መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላሉ። ዲዳክቲቭ የሚባለው “መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው የግድ እውነት ነው” ብሎ ይነሳል። ኢንዳክቲቭ ደግሞ “መነሻዎቹ እውነት ከሆኑ መደምደሚያው እውነት ሳይሆን አይቀርም” ይላል። ቫሊድና ሳውንድ የዲዳክቲቩ መመዘኛ ናቸው። የኢንዳክቲቩ መመዘኛዎች ስትሮንግና ኮጀንት ናቸው። የፈተና ስሕተት በአብዛኛው የሚመጣው ይህን አጥር በመዝለል ነው፤ ኢንዳክቲቭ ክርክርን “ሳውንድ”፣ ዲዳክቲቩን “ኮጀንት” በማለት።

ቫሊድን እንመልከት። “የጎጃም ከተሞች ሁሉ ጣና ዳር ናቸው። ደብረ ማርቆስ የጎጃም ከተማ ናት። ስለዚህ ደብረ ማርቆስ ጣና ዳር ናት።” መደምደሚያው ሐሰት መሆኑን ሕፃንም ያውቃል። ሆኖም ክርክሩ ቫሊድ ነው፤ መነሻዎቹን እውነት ብለን ብንቀበል መደምደሚያውን መካድ አንችልምና። ተማሪዎች እዚህ ላይ “ሐሰት እያለ እንዴት ቫሊድ ይባላል?” ብለው ይቆማሉ። በዋሸራ ወይም በዲማ የቅኔ ጉባኤ ያለፈ ሰው ቶሎ ይገባዋል። ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ቤቷ ሞልቶ፣ ዜማዋ ሳይሰበር ምስጢር ሊጎድላት ይችላል። ቫሊድ ማለት ቤቱ ሞልቷል ማለት ብቻ ነው፤ ስለ ምስጢሩ ገና ምንም አልተባለም።

የተገላቢጦሹም ያስታል። “ከደብረ ማርቆስ በመኪና ተነስቶ በደጀን በኩል አዲስ አበባ የሚገባ ሁሉ አባይን ይሻገራል። ይህ መኪና አባይን ተሻግሯል። ስለዚህ ይህ መኪና ከደብረ ማርቆስ ተነስቷል።” መኪናው በእርግጥ ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች እውነት የሚሆኑበት ቀን አለ። ክርክሩ ግን ቫሊድ አይደለም፤ ከቡሬ ወደ ነቀምት የወረደ መኪናም አባይን ይሻገራልና። አንድ ክርክር ቫሊድ አለመሆኑን ማሳያው መንገድ ይኸው ነው፦ መነሻዎቹን ሁሉ እውነት አድርጎ መደምደሚያውን ብቻ ሐሰት የሚያደርግ አንድ አጋጣሚ ማግኘት። ከተገኘ አለቀ።

ሳውንድ በቫሊድ ላይ የመነሻውን እውነትነት ይጨምራል። “ከፍታው ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ተራራ ሁሉ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። የጮቄ ተራራ ከፍታ ከ4000 ሜትር ይበልጣል። ስለዚህ ጮቄ ከ3000 ሜትር ይበልጣል።” መያያዣው ጸንቷል፣ መነሻዎቹም እውነት ናቸው፤ ሳውንድ ነው። ሳውንድ የሆነ ሁሉ ቫሊድ ነው፤ ቫሊድ የሆነ ሁሉ ግን ሳውንድ አይደለም። የጣናው ምሳሌ ቫሊድ ሆኖ ሳውንድ ያልሆነ ነው።

አሁን ወደ ኢንዳክቲቩ እንሂድ፤ ነገሩ የሚሰፋው እዚህ ነው። አንድ ነጋዴ ማኛ ጤፍ ነው የተባለ 50 ጆንያ ሊገዛ ገበያ ላይ ቆሟል እንበል።

አንድ ጆንያ ብቻ አስፈትቶ፣ ከላይ አንድ እፍኝ ዘግኖ “ነጭ ነው፤ ስለዚህ ሃምሳውም ማኛ ነው” ቢል ክርክሩ ዊክ፣ ማለት ደካማ ነው። ከአንድ ጆንያ አፍ ላይ ያለ ጤፍ ስለ ሌሎቹ 49 ጆንያዎች ቀርቶ ስለዚያው ጆንያ ግርጌም አይመሰክርም፤ ሰርገኛውን ከሥር፣ ነጩን ከላይ ማድረግ አዲስ ነገር አይደለም።

25ቱን ጆንያ ሳይመርጥ በአጋጣሚ አስወጥቶ፣ ከእያንዳንዱ ከላይ፣ ከመሃልና ከግርጌ አውጥቶ ካየ በኋላ “ሁሉም ማኛ ሆነው ተገኙ፤ የቀሩትም ማኛ ሳይሆኑ አይቀሩም” ቢል ክርክሩ ስትሮንግ ነው። አሁንም አንድ ሰርገኛ ጆንያ ሊገኝ ይችላል፤ ስትሮንግ የግድ አይልም። ይህን ሁሉ በእርግጥ አድርጎ ከሆነ፣ መነሻው እውነት ነውና፣ ክርክሩ ኮጀንት ይሆናል።

ያው ሰው 25 አየሁ ያለው አምስት ብቻ አይቶ ቢሆንስ? ንግግሩ ሳይለወጥ፣ መያያዣው እንደጠነከረ፣ መነሻው ሐሰት ሆነ። ስትሮንግ ነው፤ ኮጀንት ግን አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ ይረቃል። በእውነት 25 ጆንያ አይቷል፣ ሁሉም ማኛ ነው። ነገር ግን የቀሩት 25 ጆንያዎች ከሌላ አውድማ እንደመጡ፣ በዚያ አውድማ ላይም ዝናብ እንደወረደ ያውቃል፤ አልተናገረም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም መደምደሚያውን የሚያናጋ ከባድ ማስረጃ ስለተዘለለ ክርክሩ ኮጀንት አይባልም። ኮጀንትን ከሳውንድ የሚለየው ይህ ተጨማሪ ግዴታ ነው። ሳውንድ በሆነ ክርክር ላይ ምንም አዲስ መረጃ ቢጨመር መደምደሚያው አይነቃነቅም። ኢንዳክቲቭ ክርክር ግን አንዲት የተደበቀች እውነት ትበቃዋለች። የሎጂክ ጥያቄ “መነሻዎቹ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ክርክሩ ኮጀንት ነው ወይ?” ብሎ ሲጠይቅ የሚያጠምደው በዚህ ነው።

ሌላው ልዩነት የደረጃ ነው። ስትሮንግ ይበልጣል ያንሳል፤ 40 ጆንያ ያየ 25 ካየው የበለጠ ጠንካራ ክርክር አለው። ቫሊድ ግን ወይ ነው ወይ አይደለም። በሎጂክ ወረቀት ላይ “ቬሪ ቫሊድ” ብሎ የጻፈ ቃሉን እንዳልያዘው አሳየ። በወሬ እንግሊዝኛ “ዛትስ ኤ ቬሪ ቫሊድ ፖይንት” ሲባል ይሰማል፤ እዚያ “ልክ ነህ፣ ነጥብ አለህ” ለማለት ስለሆነ አያስነቅፍም።

ከክፍሉ ሲወጡ

በጋዜጣ፣ በደብዳቤ፣ በጥናት ጽሑፍ ውስጥ ማንም እንግሊዝኛ ጸሐፊ “ኮጀንት” ከማለቱ በፊት ክርክሩ ዲዳክቲቭ ነው ኢንዳክቲቭ ብሎ አይጨነቅም። እዚህ ፍቺው ግልጽ፣ በደንብ የተያያዘ፣ በማስረጃ የተደገፈ፣ ስለዚህም ለመካድ የሚያስቸግር ማለት ነው። በመዝገበ ቃላት ያሉ ምሳሌዎች ከሎጂክ ሞጁሉ ጋር አልገጥም ያሏቸው ተማሪዎች ሁለቱን ቤቶች እየቀላቀሉ ነው። በዚህ ቤት ደግሞ ጎረቤቶቹ ይለወጣሉ፤ ኮጀንት የሚፎካከረው ከእነ ኮንቪንሲንግ ጋር ነው።

“ኮንቪንሲንግ” ማሸነፍ ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ነው፤ የእኛ “መርታት” በደንብ ይገጥመዋል። ሰሚው ተረታ ወይ? ነው ጥያቄው። ለዚህም ነው ከክርክር ውጭ የሚዘዋወረው፦ ተዋናይ ኮንቪንሲንግ ይባላል፣ በሰፊ ልዩነት የተገኘ የኳስ ድልም “ኮንቪንሲንግ ዊን” ይባላል። “ኮጀንት ዊን” ግን የለም። ውሸትም ኮንቪንሲንግ ሊሆን ይችላል፤ ውሸት ኮጀንት ነው ማለት ግን ጆሮ ይቆርጣል። የአማርኛ ተናጋሪዎች እዚህ የሚያወጡት ሌላ ስሕተት አለ፦ “አምኛለሁ” ለማለት “አይ አም ኮንቪንሲንግ” መጻፍ። ያመነው ሰው “ኮንቪንስድ” ነው፣ ያሳመነው ነገር “ኮንቪንሲንግ” ነው።

“ፐርስዌሲቭ” ደግሞ ከዚህም ይለሰልሳል፤ የላቲን ሥሩ ከጣፋጭነት ጋር ዝምድና አለው። ሰው በምክንያት ብቻ አይደለም የሚታጠፈው፤ በለቅሶ፣ በዝምድና፣ በአንደበት ጣዕምም ይታጠፋል። ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አደግድገው “ስለ እመብርሃን ብለህ፣ ስለ ሽበታችን ብለህ ማር” ሲሉ ልመናው እጅግ ፐርስዌሲቭ ነው፤ በዳዩ ለምን ሊማር እንደሚገባው ግን አንድም ምክንያት አልቀረበም፤ ስለዚህ ኮጀንት አይደለም። በድሮው ሙግትም በ“በላ ልበልሃ” ግጥም ሸንጎውን የሚያስደምም ተሟጋች ነበር። ግጥሙ ፐርስዌሲቭ፣ ከግጥሙ በኋላ የሚጠራው ምስክር ኮጀንት ቢባል አይበዛም። ሁለቱ በአንድ ሰው ንግግር ውስጥ አብረው ሊገኙ ይችላሉ፤ ጥሩ ነገረ ፈጅ የሚባለውም ሁለቱንም የያዘው ነው።

“ኮምፔሊንግ” ለኮጀንት በጣም ቅርቡ ነው፤ እሱም ከመንዳትና ከመግፋት የመጣ ነው። ለክርክርና ለማስረጃ ሁለቱ በአብዛኛው ይተካካሉ። ልዩነቱ ኮምፔሊንግ ስሜትንም የሚይዝ መሆኑ ነው፤ ልብ ሰቅሎ የሚያስነብብ ታሪክ “ኮምፔሊንግ ስቶሪ” ይባላል። “ኮጀንት ስቶሪ” ከተባለ አንባቢው ታሪኩ ምን እንደሚከራከር ይፈልጋል።

“ፕሎዚብል” ደግሞ ዝቅ ያለ ነው፤ “ሊሆን ይችላል” ያስብላል እንጂ አያስገድድም፣ አንዳንዴም “ሲሰሙት ደህና ይመስላል” የሚል ጥርጣሬ ያዝላል። የመምህር ጽሑፍን “ፕሎዚብል” ብሎ ማድነቅ ስድብ ሊመስል ይችላል። “ኮሂረንት” ማለት እርስ በርሱ የተያያዘ ማለት ብቻ ነው፤ ፈጠራም ኮሂረንት ይሆናል። በድምፅ ከኮጀንት ጋር ስለሚቀራረብ ይምታታል እንጂ ሌላ ጉዳይ ነው።

“ምክንያታዊ” ሦስት ቦታ ሲከፈል

“ምክንያታዊ” የሚለው የአማርኛ ቃል ሦስት ሸክም ተጭኖበታል። “ሎጂካል” መያያዣን ይመለከታል፤ ይህ ከዚያ ይከተላል ማለት ነው፤ ቅደም ተከተልም “ሎጂካል ኦርደር” ይባላል። “ራሽናል” ሰውዬው ወይም ውሳኔው በስሜት ሳይሆን በማሰብ መመራቱን ይናገራል። “ሪዝነብል” ደግሞ ልክን ያወቀ፣ ያልተጋነነ፣ ሊቀበሉት የሚቻል ነው። በፋሲካ ዋዜማ ገበያ የዶሮ ዋጋ ሪዝነብል ሊሆን ወይም ላይሆን ይችላል፤ “ሎጂካል ፕራይስ” ወይም “ኮጀንት ፕራይስ” ግን የለም። እዚህ አማርኛው “ተመጣጣኝ” ነው።

ለሰው ጠባይ የሚስማሙት ራሽናልና ሪዝነብል ናቸው። “ሂ ኢዝ ኮጀንት” ከማለት “ሂዝ አርጊውመንት ኢዝ ኮጀንት” ማለት ይሻላል። “አርጊውመንት” ራሱ ሁለት ፊት አለው፤ ጭቅጭቅም ነው፣ የተደራጀ ክርክርም ነው። ባልና ሚስት “ሃድ አን አርጊውመንት” ከተባለ ተጣልተዋል ማለት ነው።

“ሳውንድ”ም በራሱ ወጥመድ ነው፤ ድምፅ ከሚለው ጋር በፊደል ስለሚመሳሰል። ድምፅ የሚለው ከላቲን መጣ፤ ደህና፣ ጤነኛ የሚለው ሳውንድ ግን ከጥንቱ እንግሊዝኛ የወረደ፣ ከጀርመንኛው “ገዙንድ” ጋር ዘመዳሞች የሆነ ቃል ነው። “ሳውንድ አድቫይስ” የሚጮህ ምክር አይደለም፤ ደህና፣ የማይጥል ምክር ነው። ከሎጂክ ውጭ ሳውንድ ለምክር፣ ለፍርድ፣ ለገንዘብ ውሳኔ ይስማማል፤ ኮጀንት ግን ለምክር እምብዛም አይሄድም። ምክር ሰውን አይነዳምና፣ ያሳየዋል እንጂ።

ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ

ኮጀንት አብሯቸው የሚውል ስሞች ውሱን ናቸው፦ አርጊውመንት፣ ሪዝን፣ ኬዝ፣ ኤቪደንስ፣ ኤክስፕላኔሽን፣ አናሊሲስ። “ሜክ ኤ ኮጀንት ኬዝ” የተለመደ ቅንብር ነው። ከ“ሪዝን” በኋላ “ፎር” ይመጣል፤ “የ” የሚለውን አማርኛ ተከትሎ “ኦፍ” ማስገባት ይጎረብጣል።

“ኤቪደንስ” ላይ በጣም ይጠንቀቁ። እኛ “ማስረጃዎች” ብለን ስለምናበዛ ብዙ ተማሪ መጨረሻው ላይ “ኤስ” ይጨምራል፤ በእንግሊዝኛ አይቆጠርም። “ኮጀንት ኤቪደንስ” ይበቃል፤ ከፊቱ “ኤ”ም አይገባም። አንድ፣ ሁለት ብሎ መቁጠር ካስፈለገ “ፒስ ኦፍ ኤቪደንስ” ይባላል።

አሉታው ሲፈለግ ቫሊድ “ኢንቫሊድ”፣ ሳውንድ “አንሳውንድ”፣ ሎጂካል “ኢሎጂካል”፣ ራሽናል “ኢራሽናል”፣ ሪዝነብል “አንሪዝነብል” ይሆናሉ። ኮጀንት ግን ያስቸግራል። በሎጂክ ሞጁል “አንኮጀንት” የሚል ቃል አለ፤ እዚያ ይጻፉት። ከክፍል ውጭ ማንም ስለማይለው “ዊክ” ወይም “አንኮንቪንሲንግ” ይተኩት፣ ወይም “ላክስ ኮጀንሲ” ይበሉ።

ቃሉ መደበኛ ጽሑፍን የለመደ ነው። በጥናት ወረቀት፣ በፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ በአስተያየት ጽሑፍ ያምራል። ለጓደኛ በስልክ በሚላክ መልእክት ላይ ግን ጉራ ይሆናል፤ እዚያ “ጉድ ፖይንት” ይበቃል። በአንድ ገጽ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተደጋገመም ቃሉን የወደደው ጸሐፊ መሆኑ ይታወቅበታል።

ወደ አማርኛ ሲመለስ

ተርጓሚ ኮጀንትን ሁሌ “አሳማኝ” ካለ ኮንቪንሲንግ ሲመጣ ቃል ያጥረዋል። ለኮጀንት “ሚዛን የሚደፋ” ከሁሉም የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ኃይሉ ነገሩ ውስጥ መሆኑን ይይዛልና። ለማስረጃ ሲሆን “ጽኑ ማስረጃ” ይሄዳል። “አጥጋቢ” ግን ይለዝባል፤ ያረካል እንጂ አይነዳም። ኮጀንት ያልሆነ ሰበብ “ውሃ የማያነሳ” ነው፤ ይህን የመሰለ ትክክለኛ ትርጉም እያለ “አሳማኝ ያልሆነ” ብሎ መንገታገት ለምን እንደሚመረጥ አይገባንም።

ለቫሊድ መንገዱን ሕጉ ጠርጎታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1678 እንግሊዝኛው “ቫሊድ” ያለውን ውል አማርኛው ከመጽናት ጋር አያይዞታል። ስለዚህ ቫሊድ ክርክርም “የጸና” ቢባል ቃሉ ባዕድ አይሆንም። መታወቂያ ላይ ሲሆን ግን “ጊዜው ያላለፈ” ነው።

“ሜክ ኢት ሞር ኮጀንት” ተብሎ ከተመለሰ

በመምህር ቀይ እስክሪብቶ ይህን የተጻፈበት ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው ከባድ ከባድ ቃላት መጨመር ነው። የተጠየቀው ሌላ ነው። በምሳሌ ይታይ። በጎጃም ደጋ ብዙ ቦታ አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ስለ ኖራ የተጻፈ አንድ አንቀጽ እንዲህ ይላል እንበል፦ “ማዳበሪያ አልሠራም። በጎረቤት ቀበሌ ኖራ የተጠቀሙ ገበሬዎች ጥሩ አገኙ። ስለዚህ ቀበሌያችን ኖራ ያስመጣ።”

ክፍተቶቹን እንቁጠር። ማዳበሪያው ያልሠራው በአሲድ ነው ወይስ በዝናብ መቆራረጥ? አልተባለም። የጎረቤት ገበሬዎች ዘራቸውም ማዳበሪያቸውም ከእኛ ጋር አንድ ነበር? አልተባለም። ለምን ኖራ እንደሚረዳ የሚያስረዳ አንድ ቃል የለም። በረቱ ሦስት በር ተከፍቶለታል።

ሲታደስ መጀመሪያ የሚጠየቀው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጣል፦ ኖራ ከማዳበሪያ በፊት ይቅረብ። ቀጥሎ ልኬት ይመጣል፤ የአፈሩ ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበዛል) ተመርምሮ ከ5.5 በታች መሆኑ ይገለጻል። ከዚያ አሠራሩ ይብራራል፦ አፈሩ በጣም አሲዳማ ሲሆን አሉሚኒየም ሟሙቶ ሥር ያቀጭጫል፤ በማዳበሪያ የገባውንም ፎስፎረስ አሉሚኒየምና ብረት ይይዙታል፣ ተክሉ አያገኘውም፤ ኖራ ፒኤቹን ሲያነሳ ይህ ይላላል። ከዚያ በኋላ ማነጻጸሪያ፦ በአንድ ማሳ ላይ ግማሹ ኖራ የገባበት፣ ግማሹ ያልገባበት፤ ዘሩ፣ ማዳበሪያው፣ የተዘራበት ቀን አንድ የሆነ። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከጻፉ በኋላ “እና ምን ይጠበስ?” ብለው ይጠይቁት፤ መልስ የሌለው ይሰረዝ።

ተማሪዎች የሚዘሉት የመጨረሻው ነው፤ የራስን ክርክር የሚጎዳውን እውነት መጻፍ። ኖራ ከባድ ነው፣ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በኩንታል የሚቆጠር ስለሆነ ማጓጓዣው ያስወጣል፤ ከአፈር ጋር በደንብ ካልተደባለቀም ጥቅሙ ይቀንሳል። ይህን የደበቀ ጸሐፊ ስለ ዝናብ የመታው አውድማ ዝም እንዳለው ጤፍ ነጋዴ ነው። ይህን ጽፎ፣ ቀጥሎ “ወጪው ግን በየዓመቱ አይደገምም፤ ኖራ ከገባ በኋላ ከአንድ ምርት ዘመን በላይ ይረዳል” ብሎ ከመለሰ የመጨረሻውም በር ተዘጋ። አንቀጹ ከበፊቱ ይረዝማል፤ በውስጡ ግን “ኮጀንት” የሚል ቃል አንድም ጊዜ አያስፈልገውም።